መግቢያ የሌለው የተረት መጽሐፍ

ነሐሴ 19፣ ሰኞ ጧት

ዝናብ። የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም። ባሌ ይመር የማተሚያ ማሽኑን በጋዝ እያጠበ ነው። ቤቱም ልብሴም ጋዝ ጋዝ ይላል። እኔ ለሠርግ ጥሪ የማተሚያ ፊደል ከየሳጥኑ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። «የልጃችንን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ» የሚለውን ዓይኔ ሳያየው እጄ ጨረሰው። ማን ማንን እንደሚያገባ አላነበብኩም።

ከባህል ጽ/ቤት ጓድ ጌታሁን መጣ። ለአብዮት በዓል የሚወጣ መጽሔት አለ፤ ከየሥራው ዘርፍ አንዳንድ ገጽ ይገባበታል። ከእኔ የሚፈልገው «የአሳታሚው ያለፈው ዓመት ዋና ዋና ክንውኖች» ነው። ርዕሱን ራሱ ይዞ መጥቷል። ደሴ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያሳትም ከእርስዎ ሌላ የለም፣ ያኮሩናል አለኝ። ጳጉሜን ሳይገባ ይድረሰኝ አለ። እሺ አልኩ። ዘንድሮ ለሁሉም እሺ ነው።

ደብተሬ፣ ከግንቦት ወዲህ አልገለጥኩሽም። የምነግርሽ ጠፍቶ አይደለም። ብዕሩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ዛሬም ሰውየው ባይመጣ አላነሳውም ነበር። ለእሱ ከመጻፌ በፊት ባንቺ ላይ ልሞክረው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ምሳ ቀረበ፤ ነካካሁት። ይመር አየኝና ሳህኑን አነሳው። ሹሮውም እንጀራውም አፌ ውስጥ ወረቀት ነው።

ሙከራ፦ «ማተሚያ ቤታችን ባለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ለመሠረተ ትምህርት የሚረዳ የንጽሕና መማሪያ እና አንድ የተረት መጽሐፍ አሳትሟል።» ነጥብ። ዓመቱ አለቀ። እንዲህ በአንድ መስመር የሚያልቅ ከሆነ ምን አደከመኝ?

ቀን መቁጠሪያውን ማንም ያትመዋል። የንጽሕና መማሪያው ታዞ የመጣ ነው። የእኔ የምለው የተረቱ መጽሐፍ ነው። የመ/ር ሁሴን። የገራዶ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ት/ቤት አማርኛ ያስተምር ነበር። የተዋወቅነው የፈተና ወረቀት ሊያሳትም መጥቶ ነው። ወረቀቱን ትቶ ቆሞ ፊደል ስለቅም ሲያይ ዋለ። ፊደሉ ተገልብጦ እንዴት ይነበባል? ደግሞ ማንበብ ሲለምድ ዓይን አይጠምም ወይ? ጥያቄ አያልቅበትም ነበር።

ጥቅምት ላይ ተረቶቹን ጽፎ አመጣቸው። ሁሉንም ከእናቱ የሰማቸው ናቸው። ያን ጊዜ ከረሃቡ ሸሽተው በሰሜኑ መንገድ የመጡት ሰዎች ከከተማው ዳር የተተከለውን የእርዳታ ድንኳን ሞልተው ነበር። ቦታ ያጣው ከድንኳኑ ውጭ፣ ዝናብ ላይ። እኔ ገበያ የምሄድበትን መንገድ ቀይሬ ነበር። ኧረ በዚህ ጊዜ ተረት ማን ያነባል አልኩት። አልተቆጣም። «እትዬ አስካለ፣ ታዲያ በዚህ ጊዜ ካልሆነ መቼ ይነበባል?» አለኝ።

እሱን ለመጽሔቱ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍም አላውቅም። ማሽኑ ተነሳ፤ መሄዴ ነው።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ፣ ጧት

ፀሐይ ትንሽ ብልጭ አለች። ይመር የረጠበውን ወረቀት ደጅ አሰጣው። ደመናው ሲመለስ ሁለታችንም እየሮጥን አስገባነው። ሮጥኩ፣ ተሸከምኩ፣ ቆጥቆጥ ያለኝ ነገር የለም። ሰው እንዲህም ይኖራል ለካ።

ታኅሣሥን ልጻፍልሽ።

ጽሑፉን አ.አ. ለሳንሱር ልኬው ነበር። ተመለሰ። ተረቶቹ በሙሉ አልፈዋል። ጅብ ዳኛ የሚሆንበት እንኳ አልፏል፤ እሱን ነበር የፈራሁት። የተሰረዘው መግቢያው ብቻ ነው። ግማሽ ገጽ የማትሞላ መግቢያ፣ በቀይ እርሳስ ከዳር እስከ ዳር። «ክፉው ዓመት» ስለምትል ነው። የትኛው ዓመት? በማን ዘመን? አንባቢን ታሳስታለች አሉ። እንዲታረም እንኳ አልፈለጉም። ይውጣ፣ አለቀ።

ሁሴን መጥቶ አየው። በመጽሐፉ ውስጥ የራሱ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሌላው የእናቱ ነው፤ እሱ ጸሐፊ ነው። ቀዩን መስመር በጣቱ ተከትሎ እስከ ታች ወረደ። ከዚያ ይቅር አለ። ተረቶቹ ይውጡ፣ መግቢያ ማንም አያነብም አለ። እየቀለደ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ አይቀልድም ነበር።

እኔ ግን መግቢያውን አስቀድሜ ለቅሜው ነበር። ያልፋል ብዬ። ፊደሉን አንድ በአንድ ወደየሳጥኑ የመለስኩት በራሴ እጅ ነው። በእጅ የለቀሙትን መቼም አይረሱትም።

በዚያው ሳምንት ስሙ ለዘመቻ ወጣ። ለሠፈራ የሚወሰዱት ሰዎች ቤት እንዲሠራላቸው መምህራን ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ ተባለ። ጥር ላይ ኮምቦልቻ ወርጄ ሸኘሁት። የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ማርሽ ባንድ ይጫወታል፣ ሰው ያጨበጭባል። ሹራብ ሰጠሁት። አገሩ በረሃ ነው እትዬ፣ ምን ያደርግልኛል አለ፤ ግን ለበሰው። ስመለስ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጭጋግ ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ የመጀመሪያውን ለእናቴ ይስጡልኝ ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ እሺ ስል ከልቤ ነበር።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

ይመር ለቅሶ ሄደ። ሆጤ ሰፈር፣ ከጎረቤት ሰው ሞቶ። እኔን ትሄጃለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። መጠየቅ ትቷል።

ሚያዝያ ላይ መጽሐፉ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ስሙ አለ። ጥሩ ሽፋን ነው። ወረቀቱ ትንሽ ግራጫ ነው፤ የተገኘው እሱ ነበር። አንዱን በካኪ ወረቀት ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ።

ግንቦት። አብሮት የዘመተ አስተማሪ መጣ። ጠይም፣ ከንፈሩ በንዳድ የተሰነጣጠቀ። ማሽኑ እየሠራ ነበርና የሚለው አይሰማኝም። ጮክ በል አልኩት። ጮክ ብሎ ነገረኝ። ወባ ነው፣ ታሞ ብዙም አልቆየም፣ እዚያው ቀበርነው። ይመር ማሽኑን አጠፋ። እኔ አብራው፣ ወረቀቱ ሳያልቅ ቀለሙ ይደርቃል አልኩት። አበራው። እስከ መጨረሻው ቆሜ ወረቀት ሰበሰብኩ። የንጽሕና መማሪያው ነበር። «ከምግብ በፊት እጃችንን እንታጠብ» የሚለው ገጽ።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። አላለቀስኩም። ይመር ገራዶ ሄዶ እናቱን አስተዛዘነ። እኔ አሞኛል አልኩ። አላመመኝም። መቆም ነበር ያቃተኝ፤ እሳቸው ፊት።

ሰኔ ላይ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዳራሽ፣ ሠራተኞች በሚማሩበት፣ መጽሐፉ ተነበበ። ይህ ለመጽሔቱ ይሆናል። ሰው ሞልቶ ነበር፤ በሳቅ አዳራሹ ተናጋ። አንዷ ሸማኔ፣ ጥጥ ራሷ ላይ እንዳለ፣ ደራሲው የታለ ብላ ጠየቀች። ስብሰባውን የሚመራው ጓድ በግዳጅ ላይ ነው አላት። አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ሲጋጭ አየሁት።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

አስረከብኩ።

«ለሰፊው ሕዝብ ንቃት»፣ «የላብ አደሩ ደማቅ ተሳትፎ»፣ «ባህላችንን ከተረሳበት»። የሚፈለገውን አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ለቅሜዋለሁ። ጓድ ጌታሁን ደስ አለው። አንድ መስመር ራሱ ጨመረበት፤ ደራሲው ለእናት አገሩ ጥሪ ምላሽ ሰጥቶ በክብር ተሰዋ የሚል። ይስማሙበታል? አለኝ። እሺ።

ለይመር ነገርኩት። እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርሰው ቆየ። እሱ ክፉ አይናገርም፣ ታውቂዋለሽ። «ለጽ/ቤቱ አደረስሽ። ጥሩ። ለእናቱስ?» አለ። ተነስቶ ወጣ።

ካኪው ወረቀት ላይ አቧራ አለ። በነጠላዬ ጠረግሁት።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ነገ እሄዳለሁ።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ዝናብ። ዝናብ ባይሆን ሌላ ምክንያት አገኝ ነበር።

ጳጉሜን 2፣ እሁድ፣ አመሻሽ

ሄድኩ። ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ጫማዬን አላወለቅሁም። እንዳይጠፋብኝ ልጻፍልሽ።

ጧት ይመር የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና ላይ አሳፈረኝ። ሾፌሩን ያውቀዋል፤ ከሰዓት እላፊ በፊት መልሳት አለው። ገራዶ ወረድኩ። ጭቃው ጫማ ይነቅላል። የመ/ር ሁሴን እናት ቤት የት ነው ብል ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እመት ዘሀራ ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምል ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«መርሀባ፣ ግቢ ልጄ። ዝናቡ ይመታሻል። አስካለ ነሽ አይደል?»

እንዴት አወቁኝ አልኩ። እጄን ያዙና ጣቶቼን አዩዋቸው። ጥቁር ናቸው፤ የቀለሙ ጥቁረት ከጥፍሬ አይወጣም። «እሱ ነግሮኛል። እትዬ አስካለ ጣቷ እንደ ሂና ነው፣ ግን ጥቁር ሂና ብሎ» አሉ።

ትንሽ ናቸው። ልጃቸው ረጅም ነበርና ረጅም ሴት ነበር የጠበቅሁት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርኩ፤ ለቅሶ አለመምጣቴን፣ መዘግየቴን። አበሽሪ፣ አይዞሽ እያሉ አላስጨርስ አሉኝ። መጽሐፉን ከካኪው አውጥቼ ሰጠኋቸው። አሸተቱት። አገላበጡት። ሽፋኑ ላይ ያለው ስሙ መሆኑን ነገርኳቸው። በጣታቸው ፊደሉን ዳሰሱት፤ እንዳይጠፋ እንደሚፈሩ ዓይነት፣ በቀስታ።

አንብቢልኝ አሉ።

የጅቡን አነበብኩ። ከእኔ ቀድሞ ከንፈራቸው ይሄዳል። የጦጣዋን አነበብኩ። የሰነፉን ምራት አነበብኩ። መጀመሪያ ፈገግ ይሉ ነበር፣ በኋላ ፈገግታው ቀረ። መሀል ላይ እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑት።

«ይሄ የኔ ነው። ያም የኔ ነው። ሁሉንም እኔ ነኝ ያወራሁት። የሱ ቃል የታለ? ልጄ ራሱ ያለው አንድም የለም ወይ?»

እንግዲህ ነገርኳቸው። ነበረ አልኩ። መጀመሪያው ላይ ነበረ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች አወጡት። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ስለ ሰዎቹ አልጠየቁኝም። «ምን ብሎ ነበር?» ብቻ አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። በእጄ ነው ያለው፣ በአፌ አይደለም። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ሳጥን ሳጥኑን እየፈለጉ፣ ፊደል በፊደል አልኩላቸው፦

«በክፉው ዓመት እናቴና እኔ ለራት የነበረን አንድ እፍኝ ንፍሮ ነበር። እናቴ ተረት ስታወራ ግን እፍኟ ትበረክታለች። ለሁለት ሰው እንዴት ትበቃ እንደነበር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጠግቤ ነበር የምተኛው። ይህ መጽሐፍ የዚያ በረከት ነው።»

ዓይኔን ስገልጥ ወደ በሩ ያያሉ። ዝናቡን። ሱብሃነላህ አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ቆዩ። አስቀየምኳቸው ብዬ ልነሳ ስል ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ወጡ። የእርዳታ ስንዴ ነው፣ ጨው ነስንሰውበታል። ፊቴ አኖሩት። «ጀባ፣ እንኪ» አሉኝ።

አልራበኝም አልኩ። በዚህ ቤት እሱ አይሠራም አሉ። ሁሴን ቢኖር አብራችሁ የምትበሉትን ዛሬ አንቺ ብዪ አሉ። ደግሞ ሁሴን ያልሰማት አንዲት ተረት አለችኝ፣ ሊመጣ ነው ብዬ ያቆየኋት አሉ። በቀን ተረት አይወራም ይባላል፣ ግን ሰማዩ ጠቁሯልና ማታ ነው እንበል አሉ። ሳቁ።

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት» አልኩ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

አንድ ቀበሮ ነበር፣ ጅራቱን ወጥመድ የቆረጠበት። ሠርግ ተጠራ። ያለ ጅራት እንዴት ይሂድ? ፈረስን ለመነና የፈረስ ጅራት ተውሶ ሄደ። ሠርገኛው ሁሉ አቤት ጅራት፣ አቤት ጅራት ይላል። ቀበሮው ኮራ፤ በጅራቱ የሙሽራዋን ቤት ጠርጎ ገባ። ከቤት የቀረውን ፈረስ ደግሞ ዝንብ ፈጀው። በምን ያባርር? ቢቸግረው ሠርጉ ድረስ መጣ። ከጨፋሪው መሀል ገብቶ፣ በዚያ ትልቅ ራሱ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ለአንዲት ዝንብ ብቻ ታበድረኛለህ?»

እመት ዘሀራ ፈረሱን ሆኑ። አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው። ሳቅሁ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ። እጄ ወደ ሰፌዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጨው ጨው ይላል። ስንዴው ይጣፍጣል። ደብተሬ፣ ይጣፍጣል። ያንን ያወቅሁት ጣቴ ባዶ ሰፌድ ሲነካ ነው።

ቀና አልኩ። ሁለቱም እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው፣ በሻሻቸው ጫፍ ተሸፍነው። አንዲት ፍሬ አልነኩም።

«እርስዎ አልበሉም» አልኩ።

«እያወራሁ አይደል ልጄ? የሚያወራ አፍ ምን ጊዜ አለው።»

እንደ ዋዛ ነው ያሉት። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ገባኝ። እንደገባኝም ገባቸው። እፍኟ እንዴት ትበቃ እንደነበር።

በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ቤቱ ውስጥ የተኛ ልጅ ያለ ይመስል።

«እሱ አልነቃብኝም። ወላሂ፣ አንድ ቀን አልነቃብኝም። አፌን ነበር የሚያይ። በረከት ነው ብሎ ጻፈ?»

«አዎ፣ እንዲያ ብሎ ነው የጻፈው።»

«አልሀምዱሊላህ። አላወቀም ማለት ነው። ሳያውቅ ሄደ።» ፊታቸው በራ፤ እውነቴን ነው፣ በራ። ሌላ ሰው የልጁን ማዕረግ ሲሰማ እንደሚሆነው።

እኔ ግን ተሰበርኩ። ከግንቦት ጀምሮ የቀረው እንባ ሁሉ መጣ፤ በአፍንጫዬ፣ በአፌ፣ ስንዴው አፌ ውስጥ እያለ። አፈርኩ፣ ግን አልቆም አለኝ። ወደ እኔ ተጠግተው ራሴን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አትያዥው አሉ። «ቅድም ለቅሶ አልመጣሁም አልሽኝ። ይኸው መጣሽ።»

መኪናው ከታች ጡሩምባ ነፋ። ፈረሱ ጅራቱን ያግኝ አያግኝ ሳልሰማ ተነሳሁ። እስከ መንገዱ ሸኙኝ። መጽሐፉን ከሻሻቸው ሥር፣ ዝናብ እንዳይነካው፣ ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

ይመር በሩን ከፍቶ አየኝ። ዓይኔ አብጧል። ሳህን አቀረበ። አብረን በላን።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዛሬ ገበያ ወጣሁ። ለወራት በሸሸሁት መንገድ፣ በድንኳኑ በኩል። አየኋቸው። አንዲት ሴት ለልጇ የሆነ ነገር እያወራች ታጎርሳለች። እጇን ነው ያየሁት፣ የእሷን አፍ ደግሞ። ቆምኩ። ከያዝኩት ዳቦ ለልጁ ሳይሆን ለእሷ ሰጠኋት። ግራ ገባት። ወደ ልጁ ልታሳልፈው ስትል፣ እኅቴ አንቺ ነሽ የምትበዪው አልኳት። አየችኝ። በላች። እኔ ቆሜ ነበር።

ለይመር ሁሉንም ነገርኩት። መግቢያውን እንደገና ልቀሚውና በአንድ ወረቀት እናትመው፣ ማን ያየናል አለ። እሱ፣ ጥላውን የሚፈራው ይመር! ቢያዙን ምን እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ ገና አልወሰንኩም። የእመት ዘሀራም ፈቃድ አለበት። የልጃቸው ቃል ብቻ ይሁን ወይስ እኔ ያየሁትም፣ ሳይበሉ ማውራታቸው፣ ይግባበት፣ እሳቸው ናቸው የሚወስኑት።

ሌላውን ግን ወስኛለሁ። ሐሙስ ዓመቱ ይለወጣል። በዓሉን ገራዶ ነኝ። መኪና ካልተገኘ በእግሬ። ዱቄትና ጨው ገዝቻለሁ፣ ይመር ይሸከማል። እዚያው እናበስላለን፣ ሦስት ሆነን እንቀርባለን። እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እመት ዘሀራ ቀድመው ካልጎረሱ፣ ጎርሰውም እስኪውጡ ካላየሁ፣ የቀበሮው ተረት መጨረሻ እንዳማረኝ ይቅር እንጂ፣ አንዲት ቃል አልሰማም።